ቀጋ ያሉኝ ለት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፴ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለአማቴ ለእመት የብርጓል፤ ሮብ ገበያ።

እንደምን ከረሙ እመይቴ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላይኛው ማሳ ገብስ ከአመዳይ ተረፈ ወይ? እኔ አባቴ ቤት በደኅና ገብቻለሁ። እግሬ ግን አሁንም የእናንተን ዳገት ሲወጣ ያድራል።

አስቀድሜ ይቅርታ ልለምንዎ። በመስቀል ማግስት ጉልበትዎን ሳልስም፣ ሳልሰናበት መሄዴ ከንቀት አይደለም። ልጅዎ ለአንድ ቀን ከጫካ ወርዶ «ዛሬውኑ አባትሽ ቤት ግቢ፤ ጣሊያን የሽፍታ ሚስት እያለ ሴቱን መያዝ ጀምሯል» ሲለኝ፣ እርስዎ ቅዳሴ ሄደው ነበር። ልጠብቅዎ ብዬ ብለምነው እሺ አላለኝም። ያውቁታል መቼም፤ እሺ የሚል ልጅ አልወለዱም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። አባቴ አለቃ አስማማው የማይመረምሩት ነገር የለም። ትናንት ብራናቸው ላይ ጎንበስ እንዳሉ «ለመሆኑ አማትሽ ማን የሚል ስም አወጡልሽ?» አሉኝ። አማት ለምራቷ ስም ማውጣቷ የአገር ወግ ነው፤ ታላቅ እኅቴን አማቷ «ብርቄ» ብላታለች። እኔም «ቀጋ ነው የሚሉኝ» አልኋቸው። ብዕሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ የሳምንት ድካማቸው ላይ ቀለም ፈሰሰበት። «ቀጋ? ያ የአጥር እሾህ?» አሉ።

ያን ለት ጫጉላ ቤት ገብተው መሸፈኛዬን ገልጠው፣ አናቴን ቅቤ ቀብተው «ቀጋ ብዬሻለሁ» ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልልታውን ነው የሰማሁት። ስሙን አላሰብሁበትም ነበር። አሁን ግን ከሆዴ ገባ። ምን አይተውብኝ ነው ቀጋ ያሉኝ? እንደ ልጅ ነው የምጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ።

የልጅዎንም ደኅንነት ሁለት ቃል ያስጽፉልኝ። ወረቀቱን የሚያመጣልዎ ጨው ነጋዴው በሽር ነው፤ በጭነቱ መሃል ወሽቆታል። መልሱንም በእሱ ይላኩልኝ።

ምራትዎ ጥሩብርሃን፣ እርስዎ ቀጋ የሚሉኝ።


ሮብ ገበያ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለቀጋ፤

ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ጉልበት ነው። ገብሱን አመዳይ ግማሹን በላው፤ ግማሹን እኛ እንበላለን። ይህን የሚጽፉልኝ የንስሐ አባቴ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ሰላምታውን በግዕዝ ጀምረው አንድ ገጽ ሊሞሉት ሲሉ «ኧረ ወረቀት አይገኝም!» ብዬ አስቆምኋቸው። አኩርፈዋል። ቢሆንም ይጽፋሉ።

ሳትሰናበቺ መሄድሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ጥፋቱ የእሱ ነው። ስለ እሱ ግን በወረቀት አትጠይቂኝ፤ ያን የጻፍሽውንም ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፊው። የበሽር ጨው ቢፈተሽ ኖሮ እሱም እኔም አንቺም አንድ ገመድ ነበር የሚበቃን። ክፉም ሆነ ደግ ነገር ካለ ሰው ይመጣል። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ የምሥራችም እንዲሁ። ሰው ካልመጣ ደኅና ነው በይና ተኚ።

ስሙን ደግሞ! አማቴ ስም ስታወጣልኝ እኔ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ? ምላሴን ትቆርጠው ነበር። ዳዊት የደገመች ምራት አመጣሁ ብዬ በአገር ላይ ስኮራ፣ ይኸው ክርክሩን ይዛ መጣች። አባትሽ ሊቅ ናቸው፣ እኔ ገበሬ ነኝ። ቀጋ ቀጋ ነው። የሚያብበውም እሱ ነው፣ የሚወጋውም እሱ ነው። ካልጣማቸው መጽሐፋቸውን ገልጠው ይፈልጉት።

ቄሱ «ይህንን ልጽፈው ወይ?» ይሉኛል። ይጻፉት!

ቅቤ በበሽር ልኬልሻለሁ። ራስሽን ተቀቢበት እንጂ ለእንግዳ እንዳታወጪው።

የብርጓል።


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእመት የብርጓል።

እመይቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቅቤው ደርሶኛል፤ እጅዎ ይባረክ። በኅዳር መጨረሻ ለላክሁት ወረቀት መልስ ባይመጣ ጊዜ ተቆጥተው ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም። ነገሩ ከስም አልፏል።

አባቴ እርስዎ እንዳሉት መጽሐፉን ገለጡት። ኦሪት ላይ አዳም ሲረገም «ምድር እሾህና አሜከላ ታበቅልብሃለች» ይላል፤ እሱን አገኙ። «አበባ አምሯቸው ቢሆን ጽጌ ረዳ ይሉሽ ነበር፣ የእመቤታችን ምስጋና ነው። ፍሬ አምሯቸው ቢሆን እንጆሪ ይሉሽ ነበር። ሁሉን ዘለው እሾሁን መረጡ። ይህ እርግማን ነው» አሉ። ሊቅ ነገር ከያዘ አይለቅም፤ ሦስት ሽማግሌ ሰብስበው አስፈረዱ። ሽማግሌዎቹም «አማቷ በስድብ ስም ጠርተዋት እንደሆነ ጥፋቱ የዚያ ቤት ነው፤ ትዳሩ ይፈርሳል» ብለዋል።

ለምን ይህን ያህል እንደቸኮሉ ልንገርዎ። ጣሊያኖቹ ዘንድ አስተርጓሚ የሆነ ድረስ የሚባል ሰው አለ። አባቴን «ጫካ የገቡ ሰዎች ሚስቶች ስም እየተመዘገበ ነው፤ የእርስዎም ልጅ አለችበት። ትዳሯ በሽማግሌ ከፈረሰ ግን አስፍቃታለሁ። ከፈቀደችም አገባታለሁ» ብሏቸዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረ። አባቴም እናንተን ጠልተው አይደለም፣ ለእኔ ፈርተው ነው። ሌሊት ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ።

እኔ ግን የልጅዎ ሚስት ሆኜ መኖር ነው የምፈልግ። ስምንት ወር አብሬው ኖሬ አልጠገብሁትም። ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ስሙ ስድብ ከነበረ ይንገሩኝና ልቤ ይቁረጥ። ካልነበረም ይንገሩኝ፤ አባቴን የምመልስበት ቃል ይስጡኝ። እሳቸውን በባዶ አፍ የሚከራከር ሰው አልተወለደም።

ምራትዎ ጥሩብርሃን።


ሮብ ገበያ፣ ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለቀጋ፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ። ወረቀትሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ቄሱ ሁለት ጊዜ ቀለም ይዘው መጡ፣ ሁለት ጊዜ መለስኋቸው። ዛሬ ልናገር ነው፤ ሳላቋርጥ ልናገር፣ እሳቸውም ሳያቋርጡ ይጻፉ።

አማቴ እኔን «ወለላ» ነበር ያለችኝ። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ አይደለም? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወለላ ውሃ ውረጂ፣ ወለላ ፍጪ፣ ወለላ የእንግዳ እግር እጠቢ። ማር ነሽ የተባለ ሰው እምቢ ማለት አያምርበትም። የባሌ ወንድሞች ላሱኝ፣ ሚስቶቻቸው ላሱኝ፣ የሩቅ ዘመድ ሳይቀር መጥቶ ላሰኝ። ሠላሳ ዓመት! አንድ ቀን ታምሜ «ዛሬስ አልነሣም» ብል፣ «ወለላ መረረች» ብለው መንደሩን ሳቅ በሳቅ አደረጉት። አማቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ስሙን ስታወጣ ግን እኔን አላየችም፤ የሚላስ ነገር ነው ያማራት። ያኔ ማልሁ። ወንድ ልጅ ወልጄ ምራት ያመጣሁ እንደሆነ የሚላስ ስም አልሰጣትም አልሁ።

ቀጋን ለምን መረጥሁ? ይህን ለልጄ ለእንዳላማውም ነግሬው አላውቅ።

ክፉ ቀን የሚሉት፣ ከብቱ ሁሉ ያለቀ ጊዜ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሞተች። ታናሽ ወንድሜ ሞተ። አባቴ እህል ፍለጋ ብሎ ወጥቶ እንደወጣ ቀረ። ጓሯችን የቀጋ አጥር ነበር። በዱሩ ያለውን ፍሬ፣ ሥራ ሥሩን፣ ቅጠሉን ሳይቀር ሰው ጨርሶት፣ ያ አጥር ብቻ ቀይ ፍሬውን ይዞ ቆሟል። ከዳር ከዳሩ ለቅመውታል፤ ወደ ውስጡ ግን እሾሁን ፈርተው የገባ አልነበረም። እኔ ትንሽ ነበርሁና በሥሩ ሾልኬ ገባሁ። እጄና ፊቴ ደም በደም ሆነ። ፍሬው ውስጡ ጠጉር ጠጉር አለው፣ ጉሮሮ ይከረክራል። አክስቴ መጥታ እስክትወስደኝ ድረስ እዚያ አጥር ውስጥ ኖርሁ። እሾህ ባይኖረው ኖሮ ለእኔ መች ይተርፍ ነበር?

አንቺን ጫጉላ ውስጥ ስገልጥሽ፣ ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፣ አንቺ ቀና ብለሽ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች «ምን ዓይነቷ ዓይን አውጣ ናት!» አሉ። እኔ በሆዴ «ይህችስ ትተርፋለች» አልሁ። ስሙ ያን ጊዜ ወጣ።

አጠራሩንም ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው እንዳያበላሽብሽ። ቀጋ አይቆላመጥም። በቁጣም በፍቅርም ያው አንድ ነው። ሰው ፊትም ባልና ሚስት ብቻቸውንም ያው ነው። ስጠራሽ ድምፄ ሻካራ ከሆነ ልማዴ ነው፤ ስሙ አይደለም።

አባትሽ ስለ ጽጌ ረዳ ያሉት እውነት ነው፤ የእመቤታችን ስም ይክበር ይመስገን። ግን የተራበ ልጅ ከመጽሐፍ ላይ ፍሬ አይለቅምም። እዚህ ላይ ቄሱ አማተቡ። ጻፉት ግን።

ይህን ወረቀት ለአባትሽ አታሳዪ። ሽማግሌ ከላኩ እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ። የወለላን ነገር ደግሞ ለማንም እንዳታወሪ፤ ሁሉም ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

የብርጓል።


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእመይቴ ለእመት የብርጓል።

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎ? ወረቀትዎን አራት ጊዜ አነበብሁት። አለቀስሁ፣ ቄሱ ያማተቡበት ላይ ስደርስ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። ስለጠረጠርሁዎ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ፤ ለአሁኑ በወረቀት፣ ስመጣ በግንባሬ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ቀጋ አለ። በየሰንበቱ ሳልፍበት አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ትናንት ሄጄ ከፍሬው ቀጠፍሁ። የሁለት ጣቴን ቆዳ ወሰደው፣ ጉሮሮዬን እስካሁን ይከረክረኛል። በስምንት ዓመትዎ፣ ጥርስዎ እንኳ ሳይሞላ ይህን እንዴት ዋጡት? ፍሬው ካለቀ በኋላስ ምን በሉ ብለው እንዳልጠይቅዎ ፈራሁ።

ልጅዎ በታኅሣሥ ገብርኤል በአንድ መነኩሴ «ለቀጋ ደኅና ነኝ በሉልኝ» ብሎ ልኮብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። ለጥምቀት ጠብቄ ነበር። እንደ ቃልዎ «ሰው ካልመጣ ደኅና ነው» ብዬ እተኛለሁ። እውነቱን ልንገርዎ? አልተኛም።

ሽማግሌዎቹ በየካቲት ሁለተኛው ሮብ ገበያተኛ መስለው ወደ እርስዎ ይወጣሉ። የነገሩኝን ሁሉ ይንገሯቸው አልልም። የክፉ ቀኑን ብቻ፣ ያን አጥር ብቻ ይንገሯቸው። ያን ሰምቶ ትዳሬን የሚያፈርስ ሽማግሌ የለም። ድረስንም አስቀድሜ «ስሜ ስድብ አይደለም፤ አትጠብቀኝ» ብዬዋለሁ። «እግዚአብሔር ይርዳሽ» አለኝ። አባቴ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

ልጅዎ ቀጋ።


ሮብ ገበያ፣ የካቲት ፲፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለጥሩብርሃን አስማማው፤ ደብረ ማርቆስ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደዋል። የነገርኋቸውን ነግረውሻል፤ ከእኔም ስሚው። ቀጋ ያልሁሽ ለስድብ ነው። የሊቅ ልጅ ነኝ ብለሽ እንዳትኮሪብኝ ብዬ ነው። በጥር ያስጻፍሁት ሁሉ የአሮጊት ወሬ ነው፣ አትመኚው። አባትሽ እውነት አላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትዳሩ ፈርሷል። ስሙን መልሼ ወስጃለሁ። ከፋሲካ በኋላ አባትሽ ወዳሉሽ ሂጂ። ያ ሰው ክፉ አይደለም ብለሽኛል፤ ክፉ ካልሆነ ይበቃል። ወደዚህ አትምጪ፣ ወረቀትም አትጻፊ።

ይህን የጻፈው ገበያ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው። ቄስ ፍቅረ ሥላሴ አልጽፍም ብለው ሄዱ።

እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል። ደርበሽ ልበሺ።

የብርጓል።


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእመት የብርጓል።

ጤናዎን አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁና።

ወረቀትዎን በሽር ሐሙስ ለት ሰጠኝ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የተናገሩትን ሳላምን እሱን ስጠብቅ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ተናደድሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ክፉ ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ «አላልሁሽም?» አሉ፣ ግን ፊታቸው ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

ኋላ ደግሜ አነበብሁት። ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ራሳቸው ሳይቀር ይጻፉት ሲሏቸው እያማተቡ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ይህን ምን ቢሆን ነው አልጽፍም ያሉት? የንስሐ አባት እያወቀ የማይጽፈው ነገር ውሸት ነው። ታዲያ እመይቴ ለምን ይዋሻሉ እያልሁ ስብሰለሰል አደርሁ።

በማግስቱ በሽር ቤት ሄጄ «እመት የብርጓልን እንዴት አገኘሃቸው?» አልሁት። በሽር የዋህ ነው። «ደኅና ናቸው። ቅቤያቸውን ሸጡ፣ ተጫወቱ። ራሳቸውን ሳያማቸው አይቀርም፤ ሻሹን እስከ ግንባራቸው ጥብቅ አድርገው አስረውታል፣ ከሥሩ ጠጉር ያለም አይመስል» አለኝ። ሚስቱ መዲና አጠገቡ ቆማ ነበር። እሷ ቀድማኝ ገባት። እጄን ያዘችኝ።

ጠጉርዎን ለሐዘን ተላጭተዋል። እንዳላማው ሞቷል።

ሚስት የባሏን ስም አትጠራም ብላችሁ ስላስተማራችሁኝ በአፌም በወረቀትም ጠርቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠራሁት። እንዳላማው፣ እንዳላማው፣ እንዳላማው። ወረቀቱ የራሰው በዚህ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መርዶ በወረቀት አይላክም ብለውኝ ነበር፣ አልላኩም። ጫካ የገባ ሰው ሚስት ተብዬ መዝገቡ ላይ ከምቀር የተሰደበች ምራት ልባል ብለው በሦስት ሽማግሌ ፊት የራስዎን ስም አጠፉ። የደብረ ማርቆስ ሴት ዛሬ ውሃ ስትወርድ የምታወራው ስለዚያች ክፉ አማት ነው። እርስዎ ደግሞ አንድ ልጅዎን ቀብረው፣ መንደር እንዳይሰማ እንባዎን ውጠው፣ ገበያ ወጥተው ቅቤ ይሸጣሉ፤ ይጫወታሉ! ይህን ያደረጉት ለእኔ ነው። እንዴት አድርጌ ልቻለው?

አታሳዪ ያሉኝን ወረቀት ለአባቴ አነበብሁላቸው። የወለላን ነገር ዘልዬዋለሁ፣ አይስጉ። አጥሩ ላይ ስደርስ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ስጨርስ «ልጄ፣ እኔ እኮ የፈራሁልሽ ነው» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹን ዛሬ ራሳቸው ጠርተው «ፍርዱን ያሳሳትሁ እኔ ነኝ፣ እመት የብርጓልን ይቅርታ እንጠይቃለን» ብለዋቸዋል። እኔን ግን «አትሂጂ» አላሉኝም። ማለት ፈልገው አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ድረስ ዘንድ ራሴ ሄድሁ። «ለልቅሶ ነው» አልሁት። የማን ብሎ አልጠየቀኝም። ብዕሩን አንሥቶ ስሜን ሊጽፍ ሲል «ቀጋ ብለህ ጻፈው፤ የምሄድበት አገር የሚያውቀኝ በዚህ ነው» አልሁት። ጻፈው። «ከወጣሽ መዝገቡ ላይ ልረዳሽ አልችልም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልሁት። ፈርቻለሁ እመይቴ፣ አልዋሽዎትም። ግን እዚህ ከፋሲካ በኋላ ሙሽራ ሆኜ፣ እርስዎ እዚያ ሻሽ አስረው ገበያ ሲወጡ ሳስበው፣ ያኛው ይብስብኛል።

ይህን ወረቀት በሽር ነገ ገበያ ላይ ይሰጥዎታል። እኔ ዓርብ ማለዳ ከመዲና ወንድም ከያሕያ በቅሎዎች ጋር እነሣለሁ፤ ሳይመሽ ደጅዎ ነኝ። እስከዚያ ለማንም አይንገሩ። ዓርብ ሻሹን ይፍቱትና ደጅ ቆመው ይጠብቁኝ፤ በስሜ ይጥሩኝ፣ እኔም የእሱን ስም እየጠራሁ እገባለሁ። መንደሩ ከዚያ ይስማ።

እኔ ሳልደርስ ግን እንዳይጀምሩ። ብቻዎን አያለቅሱትም።

ልጅዎ ቀጋ።